ሐጂ ይማም ከቀብር የቀሩበት ቀን

ሐጂ ይማም በሚሞቱበት ቀን ጠዋት፣ አግማስ ቸርነት የመጨረሻውን ገጽ ለስድስተኛ ጊዜ አነበበው፤ አልያዝ አለው። ሚኒባሱ ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ይወርዳል። የኅዳር ጉም ከገደሉ ሥር ተኝቷል፤ ከባሕር ዛፎቹ የሚታየው ጫፋቸው ብቻ ነው። አሥራ ሁለት መስመር ናት። ከዚህ አምስት እጥፍ የሚረዝም ቃለ ተውኔት በአንድ ንባብ ሲይዝ የኖረ ሰው፣ ዛሬ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ይጠፋበታል። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው፤ ሁለት ኩርባ ሳይታለፍ መልሶ አወጣው።

«ጋሼ፣ ይተውት። እዚያ ሲደርሱ ራሱ ይመጣልዎታል» አለው በላቸው። በላቸው የቡድኑ ሹፌር ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ ሲያመላልሳቸው የኖረ፣ አንዳንዴም ከተዋናዮቹ ቀድሞ ቃሉን የሚይዝ።

«ይመጣ ይሆናል» አለ አግማስ፤ አልመጣለትም።

«ሁለት ደጃፍ» የተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ በዓመት ሰባት ወር ያህል እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መታየት ከጀመረ ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል። ዛሬ የሚቀረጸው ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው ክፍል የመጨረሻው ነው። ታሪኩ ኮምቦልቻ ውስጥ ደጃፋቸው ፊት ለፊት ስለሚተያይ ሁለት ወንድማማቾች ነው፤ ታላቅየው ሐጂ ይማም፣ ታናሽየው እንድሪስ። ሐጂ ይማምን የሚጫወተው አግማስ የቄስ ልጅ ነው። በደርግ ጊዜ በኪነት ቡድን ውስጥ ይዘፍን ነበር፤ ኢሕአዴግ ገብቶ ቡድኑ ሲበተን ደሴ ውስጥ አማርኛ አስተማሪ ሆነ። የድራማው ደራሲና አዘጋጅ እስከዳር ድምፁን በአንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ ሰምታ እስክትወስደው ድረስ ዳግመኛ መድረክ ላይ አልወጣም።

ተመልካች የማያውቃቸው ነገሮች ብዙ ነበሩ። የሐጂ ይማም ግቢ ኮምቦልቻ ነው፤ ሳሎናቸው ግን ደሴ ነው። ሐጂ ደጃፋቸውን ተሻግረው ሲገቡ በአንድ እርምጃ ሐረጎን ይወጡታል። ደጅ ላይ ግንባራቸው በላብ ርሶ የገቡት ሰው፣ ውስጥ ሲደርሱ ከአፋቸው እንፋሎት ይወጣል፤ ይህን ልብ ብሎ የጠየቀ የለም። የሚጠጡት ሻይ የተቃጠለ ስኳር የገባበት ውሃ ነው። የሚቀመጡባት በቅሎ ሦስት ጊዜ ተቀይራለች። ሐጂ ይማም ሲሰግዱ አንድም ቀን አልተቀረጸም፤ ሰግደው ሲነሱ ብቻ ነው የሚታዩት። ይህ የአግማስ ልመና ነበር። «በሰው ሶላት አልጫወትም» ብሎ ለእስከዳር ነግሯታል፤ እሷም ሳትከራከር ተቀብላለች። ጺሙ ግን ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የራሱ ነው። ሂና የተቀባ ጺሙን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም መጀመሪያ ሰው ይስቅ ነበር፤ በኋላ ለመደው።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር። በዘጠና ስድስተኛው ክፍል እንድሪስ ሞተ። ከተማው ሁሉ ሲቀብር ሐጂ ይማም አልወጡም። ጀናዛው በደጃቸው ሲያልፍ በራቸው ተዘጋ። ካሜራው ያንን የተዘጋ በር ብቻ ይዞ ቆየ። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት አለፈ። በመናኸሪያ፣ በሻይ ቤት፣ በለቅሶ ቤት፣ በሰንበቴ ላይ፣ የማያውቀው ሰው እጁን ይዞ ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠይቀዋል፤ «ሐጂ፣ ምነው የወንድምዎን ቀብር ቀሩ?»

ከበሩ ኋላ ሐጂ አልነበሩም። አግማስ የዚያን ቀን ደሴ ነው የዋለው፤ ታይፎይድ ይዞኛል ብሎ ልኮ ነበር። እስከዳር ለቀብሩ ሁለት መቶ ሰው ሰብስባ፣ ቀኑን ማዛወር ስላልቻለች፣ ቁጭ ብላ በሩ እንዲዘጋ ጻፈች። በሩን ከውስጥ የሳበው ከመብራት ሠራተኞቹ አንዱ ነበር። በድራማው ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ የተወራለት ትዕይንት እንዲህ ተሠራ። ዛሬ ሐጂ ይማም ከመሞታቸው በፊት መልሱን ይናገራሉ፤ አሥራ ሁለቱ መስመር እሱ ነው።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ ፀሐይዋ ሞቃለች። ከግቢው በር አጠገብ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ቆማለች። አግማስ ከሚኒባሱ ሲወርድ ወደ እሱ መጣች እንጂ እንደሌሎቹ እጁን ለመሳም አልተሻማችም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባቴ» አለች። ከዚያ አፍራ ራሷን አረመች። «ይቅርታ፣ ጋሽ አግማስ ማለቴ ነው። ስምዎን አውቀዋለሁ።»

«ሁለቱም ይሆናል፣ እናቴ። ምን ልታዘዝ?»

ሳፊያ ሙሄ ትባላለች። የመጣችው ከሐርቡ ነው። አባቷ ከተኛ ሁለት ወሩ ነው፤ ሐኪሞቹ ወደ ቤት መልሰውታል። «የመጨረሻው ክፍል የሚታየው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው አሉ» አለች። «አባቴ እስከዚያ አይደርስም። ሌላ ነገር አልተመኘም። ሐጂ ይማም የወንድማቸውን ቀብር ለምን እንደቀሩ ሳልሰማ ልሞት ነው ይላል፤ ሌት ተቀን እሱን ነው የሚያነሳ። ምስጢር እንደሆነ ይገባኛል። ወላሂ ከእሱ በቀር ለነፍስ አልናገርም።»

አግማስ ሴትየዋን ቆሞ አያት። እንዲህ ያለ ልመና በሰባት ዓመት ውስጥ አልገጠመውም። ልጅ መርቁልኝ ያሉት አሉ፤ ባልና ሚስት አስታርቁልን ብለው ቤቱ ድረስ የመጡበት አሉ። እነሱን «እኔ ተዋናይ ነኝ» ብሎ ይሸኛቸዋል። ይቺ ሴት ግን ተዋናይ መሆኑን አውቃ ነው የመጣችው።

እስከዳር በግቢው ውስጥ፣ ሐጂ ይማም የሚሞቱበት አልጋ የት እንደሚቀመጥ እያሳየች ነበር። ሐጂ በቤት ውስጥ አልሞትም ብለው ግቢያቸው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ወጥተው ይተኛሉ። አግማስ ጉዳዩን ሲነግራት የፀሐይ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች።

«የምፈልገው ብርሃን የአሥር ሰዓቱን ነው» አለች። «እስከዚያ ሌሎቹን እቀርጻለሁ። ሂድና ንገረው። ለሚሞት ሰው ምን ይደበቃል? ግን ጋሼ፣ መንገድ ላይ ገጹን አጥናው። ፊትህ ላይ እንዳልያዝከው ያስታውቃል።»

በላቸው ይዟቸው ወደ ሐርቡ ወረደ። በቦርከና ዳርና ዳር ማሽላው ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። ሳፊያ ከኋላ ተቀምጣለች። አግማስ ገጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። መልሱ ጥሩ መልስ ነው፤ እስከዳር ደክማበታለች። የእንድሪስን ልጅ ነስሩን ሊገድሉ የሚፈልጉ ሰዎች በቀብሩ ላይ ያደፍጡ ነበር። ሐጂ ይማም ይህን ሰምተው ልጁን ቤታቸው ውስጥ ደበቁት፤ በሩን ዘግተው፣ የከተማውን ሐሜት ተሸክመው፣ ለራሱ ለነስሩም ምክንያቱን ሳይነግሩ ኖሩ። ሰው ሲሰማው ያለቅሳል። አግማስ መጀመሪያ ሲያነበው ግን ምንም አልተሰማውም፤ ያ ነው እንቅልፍ የነሳው።

ጋሽ ሙሄ የቆርቆሮ ክዳን ባለው ቤት ውስጥ፣ በመስኮቱ አንጻር በተነጠፈ መደብ ላይ ተኝተዋል። ሰውነታቸው አልቋል፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። አግማስ ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሊነካ ሲል እጁን ያዙት።

«ተው፣ ተው። አንተ እኮ የቄስ ልጅ ነህ አሉ» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነው። «ልጄ ታታልለኛለች ብዬ እንዳላስብ መጀመሪያ ነግራኛለች። ተቀመጥ። ሐጂን አይደለም የጠራሁት። የሐጂን ነገር የሚያውቀውን ሰው ነው።»

አግማስ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ገጹን አላወጣም፤ ፍሬ ነገሩን በራሱ አፍ ነገራቸው። ልጁ ስለመደበቁ፣ ስላደፈጡት ሰዎች፣ ሐጂ ሐሜቱን ስለመቻላቸው። ጋሽ ሙሄ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ሰሙት። ሲጨርስ ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ።

«ደግ» አሉ። «እንግዲያው ሐጂ ደግ ሰው ናቸው።»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ደግ ነው። አላህ ይስጥህ፣ ይህን ልትነግረኝ መምጣትህ።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሳፊያ ውሃ ልታቀርብላቸው ብድግ ስትል በእጃቸው መለሷት። ለግድግዳው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «እኔ ብቻዬን ነኝ ማለት ነው» አሉ።

«እንዴት፣ አባቴ?»

«አሊ የሚባል ታናሽ ነበረኝ። በመስኖ ውሃ ተጣልተን ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገርንም። እዚህ ነው፤ አጥሩ አጥሬን ይነካል። ሲሞት ላኩብኝ። አልሄድኩም። ጀናዛው በደጄ ሲያልፍ በሳንቃው ቀዳዳ አየሁት። ተሸካሚዎቹ እኔ ደጅ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ቀነስ አደረጉ፤ ይወጣል ብለው ነው። አልወጣሁም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ከዚያ ያ በር በቴሌቪዥኑ ሲዘጋ፣ ይኸው አንድ ሰው አገኘሁ አልኩ። ሐጂ ናቸው፤ ይሰግዳሉ፣ ሰው ያስታርቃሉ፣ አገር ያከብራቸዋል። እሳቸውም እንዲህ ካደረጉ፣ እንዴት ይችሉት ይሆን? አንድ ቀን ይናገሩታል ብዬ አራት ዓመት ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ለበጎ ነው የቀሩት። የእኔ ለበጎ አይደለም።»

ሳፊያ አጎንብሳ የሻሿን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች። ይህን ታሪክ እንደምታውቀው፣ ከአባቷ አፍ ግን የዛሬን ያህል ሰምታው እንደማታውቅ ከአኳኋኗ ያስታውቃል። ከደጅ በላቸው የመኪናውን ጎማ በእግሩ ሲመታ ይሰማል።

አግማስ ተነስቶ መሰናበት ይችል ነበር። የተለመነውን አድርሷል። ወደ ኮምቦልቻ የሚመለስበት ሰዓት እየቀረበ ነው። ነገር ግን ከግድግዳው ጋር የቀሩትን እኒህን ሰው እንዲህ ትቶ መውጣት እግሩ እንቢ አለው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያልተናገረውን ነገር ሊናገር በርጩማውን ወደ መደቡ አስጠጋ።

«በሩ የተዘጋው በደራሲዋ አይደለም» አለ። «በእኔ ነው።»

ጋሽ ሙሄ ፊታቸውን መለሱ።

«የቀብሩ ጽሑፍ ሲሰጠኝ፣ ሐጂ በወንድማቸው አስከሬን ላይ ወድቀው እንዲያለቅሱ ነበር የሚለው። እኔ ያንን ማድረግ አልቻልኩም። ታመምኩ ብዬ ዋሸሁ። እሷ በሩ ተዘጋ ብላ የጻፈችው እኔ ስለቀረሁባት ነው።»

«ለምን አልቻልክም?»

«እኔም ወንድም ነበረኝ።» አግማስ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ድምፁ፣ አገር የሚያውቀው ያ ወፍራም ድምፅ፣ የሌላ ሰው መስሎ ተሰማው። «በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከቤት ወስደውት ሳምንት ያህል የት እንዳለ አላወቅንም። እኔ በቀበሌው ኪነት ውስጥ ነበርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ዩኒፎርም ለብሰን በሰልፍ ወደ አደባባዩ ስንሄድ፣ መንገድ ዳር ሦስት አስከሬን ተጥሎ ነበር፤ ደረታቸው ላይ ጽሑፍ አድርገውባቸዋል። መካከለኛው እሱ ነበር። በሹራቡ አወቅሁት፤ እናታችን የሠራችለት ሹራብ ነው። አንገቴን አላዞርኩም። ካዞርኩ የማን ወንድም እንደሆንኩ ያውቃሉ። በሰልፉ ውስጥ እንደነበርኩ አለፍኩ። መድረክ ላይ ወጣሁና ዘፈንኩ። ለቤተሰቤ ደግሞ ቡድናችን ለሁለት ተከፍሎ እኔ ወልድያ ነበርኩ አልኳቸው። እናቴ ይህንኑ እንዳመነች ሞተች።»

ጣራው በፀሐዩ እየተነፋ ቋ፣ ቋ ይላል።

«ስሙ ማን ነበር?»

አግማስ ከንፈሩን ለማላቀቅ ጊዜ ወሰደበት። «ወንድምአገኘሁ።»

«ማን አወጣለት?»

«እናቴ። እኔ ሦስት ዓመቴ ነበር። በእኔ አፍ ሆና ነው ያወጣችለት።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ለሳፊያ ምልክት ሰጧት፤ ደግፋ ቀና አደረገቻቸው፤ ትራሱን ከኋላቸው አስጠጋች። ሁለት የቀጠኑ እጆቻቸውን ዘረጉ። አግማስም፣ ሳያስበው፣ ዘረጋ።

«ያ ረቢ» አሉ። «አሊን አንተ ታውቀዋለህ። የዚህን ሰው ወንድም፣ ወንድምአገኘሁንም አንተ ታውቀዋለህ። እኛ አልሸኘናቸውም። እኔ በኩራት ቀረሁ፤ እሱ በፍርሃት ቀረ። ሰበብ የለንም። ሰው ሳይሸኛቸው ወዳንተ የመጡትን አንተ ተቀበላቸው። እኛንም እንደ ሥራችን አታድርገን።»

«አሚን» አለች ሳፊያ።

ሰባት ዓመት «አሚን» ሲል የኖረው የአግማስ አፍ «አሜን» አለ። የገረመው ሰው አልነበረም።

ጋሽ ሙሄ ደክሟቸው ወደ ትራሱ ተመለሱ። ሊሰናበታቸው ጎንበስ ሲል ግን እጁን አልለቀቁትም። «ከቤተሰብ የቀረ ሰው አለህ?» አሉት።

«እህት አለችኝ። ደሴ ናት።»

«የአሊ ሚስት ሞተች» አሉ ሽማግሌው። «ልጆቹ ጅቡቲ ሄዱ። ለእነሱ መናገር ይገባኝ ነበር፤ አሁን የምነግረው ሰው የለኝም።» ሌላ አልጨመሩም። እጁን ለቀቁት።

ኮምቦልቻ ሲመለሱ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ብርሃኑ ከዋርካው ሥር ገብቶ፣ እስከዳር የጠበቀችው ወርቃማ ቀለም በአልጋው ላይ ተኝቷል። አግማስ ገጹን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት።

«ይህን አልናገረውም።»

«ጋሼ፣ ሰው አራት ዓመት የጠበቀው ነው» አለች። አልተቆጣችም፤ ፈርታለች። «ጽሑፉ ለጣቢያው ገብቶ፣ ታይቶ፣ ጸድቆ የተመለሰ ነው። ምን ልትል ነው?»

«አንድ ቃል። ሲደርስ እለዋለሁ።»

«እንድሪስ ሲቀበርም እንዲህ አስደንግጠኸኛል።»

«የዚያን ጊዜ ታይፎይድ አልያዘኝም ነበር፣ እስከዳር።»

ቀና ብላ አየችው። ከጀርባዋ መብራት የሚያስተካክሉት ሰዎች ሥራቸውን አቆሙ። ልትጠይቀው አፏን ከፈተች፤ ከፊቱ ላይ አንድ ነገር አይታ ተወችው። «አንድ ጊዜ ብቻ እቀርጻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ካላመንኩበት የተጻፈውን ትናገራለህ።»

«እሺ።»

አልጋው ላይ ተኛ። ነስሩን የሚጫወተው ካሊድ የሚባለው ወጣት ተዋናይ ከራስጌው ተንበረከከ። ዙሪያውን የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ቤተዘመድና ጎረቤት ሆነው ሊቀረጹ የመጡ፣ ዝም ብለው ቆመዋል። ካሜራው መቅረጽ ጀመረ።

«አጎቴ» አለ ካሊድ። «አባቴ ሲቀበር ለምን ቀሩ?»

አግማስ ከዋርካው ቅርንጫፎች መካከል የሚታየውን ሰማይ አየ።

«ፈርቼ ነው» አለ።

ካሊድ አሥራ ሁለቱን መስመር ይጠብቃል። ከዚያ ቀጥሎ የእሱ ቃል «እኔን አድነው ነው እኔ ያማሁዎት» የሚል ነው፤ ያንን ማለት አልቻለም። የአዘጋጇን ፊት ለማየት ዓይኑ ሸሸ፤ እስከዳር ግን አልተንቀሳቀሰችም፤ ቁረጡም አላለችም። ወጣቱ መላ ሲያጣ የሽማግሌውን እጅ ያዘና ግንባሩን በአልጋው ጠርዝ ላይ ደፋ። ቆሞ ከነበረው ሰው መካከል አንዲት ሴት፣ ማንም አልቅሺ ሳይላት፣ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። አግማስ ዓይኑን ጨፈነ። ሐጂ ይማም ሞቱ።

ክፍሉ የታየ እሑድ በየሻይ ቤቱ ክርክር ነበር። ግማሹ ሽማግሌው ተዋናይ ቃሉን ረስቶት ነው አለ፤ ግማሹ የተቆረጠ ነገር አለ አለ። እስከዳር ለማንም አልመለሰችም። ነገር ግን ያ ገና የስድስት ሳምንት መንገድ ነበረው። የዚያን ቀን ቀረጻው ሲያልቅ፣ ጓደኞቹ ለመሸኛ ያዘጋጁትን እራት ትቶ፣ አግማስ በላቸውን ወደ ደሴ እንዲያወጣው ለመነው።

የእህቱ የአትጠገብ ቤት ሆጤ ሰፈር ነው፤ አባትና እናታቸው የኖሩበት ቤት። በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ትሠራለች፤ አላገባችም። ፀሐይዋ ከጦሳ ተራራ ኋላ ስትገባ ብርዱ ወዲያው ወርዷል። በረንዳው ላይ ጋቢ ደርባ ነጭ ሽንኩርት ትልጥ ነበር።

«ዛሬ ሞትክ አሉ፣ ጋሼ» አለችው ቀና ሳትል።

«ሞትኩ።»

«ቀብሩን መቼ ነው የሚያሳዩት?»

«ቀብር የለውም። እዚያው ላይ ያልቃል።»

«ይሻላል» አለች።

አግማስ ከፊቷ ቆመ። ከኮምቦልቻ እስከ ሐረጎ አናት አረፍተ ነገሩን በልዩ ልዩ መንገድ ሲደረድረው መጥቷል፤ ሁሉም ጠፋው። የቀረለት አጭሩ ብቻ ነበር።

«አትጠገብ፣ ወንድምአገኘሁ የሞተ ቀን ወልድያ አልነበርኩም።»

ያ ስም እናታቸው ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት ተጠርቶ አያውቅም። የአትጠገብ ጣት ቢላዋው ላይ ቆመ፤ ከዚያ የጀመረችውን ፍሬ ልጣ ጨረሰችና ሰሃኑ ላይ አስቀመጠችው።

«የት ነበርክ?»

«እዚህ። ጠዋት በሰልፍ በአጠገቡ አልፈናል። አይቼዋለሁ። አንገቴን አላዞርኩም። ከዚያ መድረኩ ላይ ነበርኩ።»

አትጠገብ ቢላዋውን ከሰሃኑ ጎን አኖረች። እጇን በጋቢዋ ጠረገች፤ አንዱን ጣት፣ ከዚያ ሌላውን። በጎረቤት ግቢ አንዲት ሴት ልጇን በስሙ እየጠራች ወደ ቤት ታስገባለች።

«እኔ እስከ ስምንት ሰዓት አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ» አለች። «አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ማልቀስ ክልክል ነው አሉኝ፤ አላለቀስኩም። ዝንብ እከለክልለት ነበር። መኪና መጥቶ ወዴት እንደወሰደው እንጃ።» ድምጿ ከፍም ዝቅም አላለም። «ድምፅ ማጉያው ቅርብ ነበር። ዘፈኑ ከነግጥሙ ይሰማ ነበር። አሁንም ቃል በቃል እችለዋለሁ። ዘፋኞቹን ስረግም ነው የኖርኩ፤ እንኳን ወንድሜ ወልድያ ሆነ፣ እንኳን ከእነዚህ ጋር አልሆነ እያልኩ።»

አግማስ ከደረጃው በታች ቆሞ ሰማት።

አትጠገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ከሂናው ጺም በላይ፣ ዓይኑን።

«ዘፈኑን አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል» አለች። «አንተ የቱ ነበርክ?»

ጉሙ ከሐረጎ በኩል ወጥቶ መንገዱን መሸፈን ጀምሯል። ተቀባይ ነበርኩ ቢላት የምታረጋግጥበት ነገር የላትም፤ ከዚያ ቡድን በሕይወት ያለው እሱ ብቻ ነው። ይህን ያውቃል። እሷም ታውቃለች።

«አውጪው» አላት።

አትጠገብ እንዲቀመጥም እንዲሄድም አላለችውም። ሰሃኑን ጭኗ ላይ እንደያዘች ወደ መንገዱ ማየት ቀጠለች፤ ከንፈሯ በጣም በትንሹ፣ ድምፅ ሳይወጣው፣ ይንቀሳቀስ ነበር። አግማስ የዘፈኑን ቃላት ለየ። ከበረንዳው ደረጃ በታች፣ ብርዱ ውስጥ፣ ቆሞ እስክትጨርስ ጠበቀ።